መቀሱን ለልጅቷ ስጧት

(አዲስ ለተመደቡ የማዋለጃ ክፍል ኃላፊዎች ያደረግኩትን ንግግር በጽሁፍ አምጪልን ስላላችሁኝ፣ ያስታወስኩትን ያህል እንደተናገርኩት አስቀምጬዋለሁ።)

እንደምን አመሻችሁ? ስለጋበዛችሁኝ በጣም አመሰግናለሁ። የተሰጠኝ ርእስ መልካም መሪና ሜንተር፣ ማለትም አጠገብ ሆኖ ስራ የሚያስተምር ሰው፣ ምን አይነት ባህሪ አለው የሚል ነው። ትናንት ማታ ወረቀት ይዤ ቁጭ ብዬ ትእግስት፣ ታማኝነት፣ ራእይ እያልኩ መጻፍ ጀምሬ ነበር፣ ከዛ ተውኩት፣ ምክንያቱም እነዚህን ሁላችሁም ታውቋቸዋላችሁ፣ በየስልጠናው ተነግሯችኋል፣ ፍሊፕ ቻርት ላይ ተጽፎ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ አይታችሁታል። እኔ ዛሬ የማወራችሁ ስለ እጅ ነው። ሃያ ሶስት አመት አዋላጅ ነርስ ሆኜ ስሰራ ያየኋቸውን አለቆች በሙሉ ሳስታውስ ስማቸውን የረሳሁት አለ፣ ፊታቸውን የረሳሁት አለ፣ እጃቸውን ግን አልረሳሁም። መሳሪያውን ከእጄ የነጠቁኝንም እጄ ላይ ያስቀመጡልኝንም ማለት ነው።

ወይዘሮ ማሚቱ ጋሼን የማታውቁ ካላችሁ ላስተዋውቃችሁ። ገጠር ተወልዳ ገና በልጅነቷ የተዳረች፣ በመጀመሪያ እርግዝናዋ ምጡ ቀናት ፈጅቶባት ልጇም የሞተባት ሴት ናት። ከዛ በኋላ የሚሆነውን እኛ ሙያው ውስጥ ያለን እናውቀዋለን። የልጁ ጭንቅላት ዳሌ አጥንት ውስጥ ተቀርቅሮ ሲቆይ መሀል ላይ የተጨፈለቀው ስጋ ደም አጥቶ ይሞታል፣ ከቀናት በኋላ ይረግፍና በሽንት ፊኛና በብልት መሀል ቀዳዳ ይቀራል፣ ሽንቱ ቀንም ሌሊትም ሳያቋርጥ ይፈሳል። ፌስቱላ የምንለው እሱን ነው። ልጅ የለም፣ ባል ብዙ ጊዜ ይሄዳል፣ ጎረቤት ከሽታው ይርቃል፣ ሴትየዋ ከቤት ተለይታ ጎጆ ይሰራላታል። ጥፋቷ ምንድነው ብትሉ ምንም የለም፣ በሰአቱ የሚደርስላት ሰው ስላልነበረ ብቻ ነው።

ማሚቱ በ1960ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) አዲስ አበባ ልእልት ፀሐይ ሆስፒታል መጣች፣ ዛሬ የጦር ኃይሎች ሆስፒታል የምንለው ማለት ነው። እዛ ዶክተር ሬጅ ሐምሊንና ባለቤቱ ዶክተር ካትሪን ሐምሊን ነበሩ። ደጋግማ ታከመች፣ እዛው ቆየች፣ ቆይታዋንም እንዲሁ ተኝታ አላሳለፈችውም፣ አልጋ ማንጠፍ ጀመረች፣ ሌሎቹን በሽተኞች ማገዝ ጀመረች። ከዛ ኦፕሬሽን ክፍል ገብታ መሳሪያ ማቀበል። ከማቀበል ማገዝ፣ ከማገዝ ትንሽ ትንሹን ራሷ መስራት፣ በመጨረሻ ሙሉውን ኦፕሬሽን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው። ይሄን ሁሉ ስትማር ፊደል የቆጠረች ሴት አልነበረችም። እ.ኤ.አ. በ1989 ለንደን የሚገኘው የንጉሳዊ የቀዶ ህክምና ኮሌጅ ከሐምሊኖች ጋር የወርቅ ሜዳሊያ ሰጣት። ከውጭ ሀገር የሚመጡ ስፔሻሊስት ሀኪሞች የፌስቱላ ኦፕሬሽን ሲማሩ ከሚያስተምሯቸው አንዷ እሷ ነበረች።

ይሄ ታሪክ ሲነገር ሁሉም ሰው ማሚቱን ያደንቃል፣ ይገባታል፣ አስር እጥፍ ይገባታል። እኔ ግን ኃላፊ ከሆንኩ ጀምሮ ደጋግሜ የማስበው ዶክተር ሬጅን ነው። እስቲ በሱ ቦታ ሁኑና አስቡት። ከፊታችሁ ያለችው ሴት ዲፕሎማ የላትም፣ የስራ መደብ የላትም፣ የራሷ ቁስል ገና እየዳነ ነው። ተራቸውን የሚጠብቁ በሽተኞች ውጭ አሉ። እናንተ በፍጥነት የምትጨርሱትን እሷ እየተማረች ስትሰራው ብዙ ጊዜ ይወስዳል። ስህተት ቢፈጠር የሚጠየቀው እናንተ ናችሁ። እና መቀሱን ለሷ ትሰጣላችሁ? እኔ እውነቱን ልናገር፣ ብዙዎቻችን አንሰጥም። መጥፎ ሰው ስለሆንን አይደለም፣ ስለሚያስፈራ ነው።

ሰው ተሰጥኦዋን አይቶ ነው ይላል። ሊሆን ይችላል። የኔ ግምት ግን ትንሽ ለየት ይላል፣ እኔ መጀመሪያ የታየው መገኘቷ ይመስለኛል። በየቀኑ አለች። እጇ ንጹህ ነው። የተጠየቀችውን ታቀብላለች፣ ከዛ ሳትጠየቅ በፊት ቀጥሎ የሚፈለገውን አዘጋጅታ ትጠብቃለች። እናንተም ዋርዳችሁ ውስጥ እንዲህ አይነት ሰው አለች፣ ምናልባት ጽዳት ላይ ናት፣ ምናልባት ካርድ ክፍል ናት፣ ምናልባት ባለፈው ሳምንት የተመደበችና ስሟን ገና ያልያዛችሁት ጁኒየር ናት። ስሟን ያዙት። መሪ ሲባል ሰው ሩቅ የሚያይ ነው ይላሉ፣ እኔ ቅርብ ማየት የሚከብድ ይመስለኛል፣ በየቀኑ የምናልፋትን ሰው ማየት።

ሌላው ከሐምሊኖች የማደንቀው ነገር፣ እ.ኤ.አ. በ1974 የራሳቸውን የአዲስ አበባ ፌስቱላ ሆስፒታል ሲመሰርቱ በሽተኞቹን ከሚንከባከቡት ረዳቶች ብዙዎቹ ራሳቸው ታክመው የዳኑ ሴቶች ነበሩ። አሁንም ድረስ እንደዛ ይሰራሉ። ይሄ የምጽዋት ስራ እንዳይመስላችሁ። አዲስ የመጣች ሴት አንገቷን ደፍታ፣ ጨርቅ ጠቅልላ፣ ሰው እንዳይሸተው ጥግ ይዛ ትቆማለች። ሀኪሟ አይዞሽ ብትላት አትሰማም። አንዲት ነጭ ጋውን የለበሰች ሴት መጥታ እኔም እንዳንቺ ነበርኩ ስትላት ግን ቀና ትላለች። ይሄን እውቀት የትኛው ኮሌጅ ነው የሚያስተምረው? እነሱ እውቀት መሆኑን ገብቷቸው ደሞዝ ከፍለው ስራ አደረጉት። ዋርዳችሁ ውስጥ በሰርተፍኬት ያልተጻፈ እውቀት ያላት ሰው ካለች፣ እሷን ሜንተር ማድረግ ትችላላችሁ፣ ሜንተር ማለት የግድ በደረጃ የሚበልጥ አይደለም።

ደግሞ ሐምሊኖቹ ራሳቸው አውቀው አልመጡም እኮ። በመጡባቸው በአውስትራሊያና በኒውዚላንድ ፌስቱላ የሚባል ነገር በዛን ዘመን ሀኪም እድሜውን ሙሉ ላያየው ይችላል። እዚህ ሲደርሱ ነው ሴቶቹን በር ላይ ያገኟቸው። ስለዚህ ቁጭ ብለው ተማሩ፣ ካይሮ ውስጥ ብዙ የፌስቱላ ኦፕሬሽን የሰራውን የግብጹን ሀኪም የናጊብ ማህፉዝን ስራ አጠኑ። (ታዋቂው ደራሲ ናጊብ ማህፉዝ በዚህ ሀኪም ስም ነው የተሰየመው፣ እናቱን ያዋለዳት እሱ ስለነበረ። ለአዋላጅ ከዚህ የበለጠ ሽልማት አለ? እኔ ሁሌ ይሄን ሳስብ ደስ ይለኛል።) እና ሬጅ ማሚቱን ሊያስተምር የቻለው እሱ ራሱ በጎልማሳነቱ እንደገና ተማሪ ስለሆነ ይመስለኛል። አላውቅም ማለት ምን እንደሚመስል ገና አልረሳውም ነበር።

አሁን ወደ ራሴ ልምጣ። ስራ የጀመርኩበት ቦታ ሞርኒንግ ሴሽን የሚባል ነገር ነበር፣ እናንተም ታውቁታላችሁ፣ የሌሊት ዲዩቲ የነበረ ሰው ጠዋት ተነስቶ ሪፖርት ያደርጋል። እኔ ከተመደብኩ ሶስተኛ ሳምንቴ ነበር። ፓርቶግራፉ፣ ማለትም የምጥ መከታተያ ወረቀቱ ላይ የልጁን የልብ ምት አንድ ሰአት ላይ ሳልሞላው አልፌያለሁ፣ ያኔ ሌላዋ እናት እየደማች ስለነበረ እሷ ጋ ነበርኩ። የክፍሉ ኃላፊ ወረቀቱን ከፍ አድርገው ለሁሉም አሳዩት። ማን ነው ያስተማረሽ አሉ። ዝም አልኩ። ደግመው ጠየቁ። ሰላሳ የሚሆን ሰው ነበር፣ ተማሪዎችም ነበሩ። ከዛን ቀን በኋላ ምን ተማርኩ መሰላችሁ? ሁሉንም ባዶ ቦታ መሙላት ተማርኩ። ሳልሰማውም መሙላት። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ለሁለት ወር ያህል ከማዳምጠው ይልቅ ወረቀቱ እንዳይጎድል ነበር የምጨነቀው፣ ያሳፈሩን ሰዎች እንድንጠነቀቅ ያደረጉን ይመስላቸዋል፣ እኛ ግን መደበቅ ነው የተማርነው፣ ማዋለጃ ክፍል ውስጥ የተደበቀ ስህተት ደግሞ ሰው ይገድላል። በኔ እጅ በዛ ሁለት ወር ማንም አልሞተም፣ ይሄን የምላችሁ ግን ጥሩ ስለሆንኩ አይደለም፣ እድል ነው።

ከዛ ወደ አንድ ጤና ጣቢያ ተዛወርኩ። እዛ አንዲት ሲስተር ነበሩ፣ ጡረታ ሊወጡ ጥቂት አመት የቀራቸው፣ ስማቸውን መጥራት አይወዱም ነበርና አልጠራውም። አንድ ሌሊት፣ መብራት የለም፣ በባትሪ ነው የምንሰራው፣ ልጁ ወጣ፣ አላለቀሰም። ዝልፍልፍ ብሏል። አደረቅኩት፣ ጀርባውን አሸሁት፣ ምንም። እትብቱን ቆርጬ ጠረጴዛው ላይ አስተኛሁትና አምቡ ባጉን፣ በእጅ እየተጫነ አየር የሚሰጠውን ከረጢት ያዝኩ፣ ጭምብሉን ፊቱ ላይ አድርጌ መጫን ጀመርኩ፣ ደረቱ አልነሳም አለ። ያቺ የመጀመሪያዋ አንድ ደቂቃ እንዴት ውድ እንደሆነች ታውቃላችሁ። ሲስተር አጠገቤ ቆመዋል። እኔ በልቤ ይውሰዱልኝ እያልኩ ነው። አልወሰዱም። ሁለት ጣታቸውን አምጥተው የልጁን አገጭ ትንሽ ቀና አደረጉት፣ በቃ ይሄ ብቻ ነው ያደረጉት፣ ከዛ በጆሮዬ ቀስ ብለው "አሁን ጫኚ የኔ ልጅ" አሉኝ። ጫንኩ። ደረቱ ተነሳ። "ቁጠሪ" አሉኝ። እየቆጠርኩ ቀጠልኩ። ልጁ አለቀሰ።

ይሄን ነገር ብዙ አመት አስቤዋለሁ። ባጉን ነጥቀውኝ ቢሆን ልጁ ምናልባት በሁለት ሰከንድ ቀድሞ ይተነፍስ ነበር፣ እኔ ግን በሚቀጥለው ሌሊት ብቻዬን ስሆን አልችልም ነበር። ዝም ብለው አይተውኝ ቢሆን ደግሞ ልጁ ይሞት ነበር። ሁለት ጣት ነው ያስገቡት። ምን ያህል መግባት እንዳለባቸው ያውቁ ነበር፣ ይሄንን ለማወቅ ደግሞ አጠገቤ መቆም ነበረባቸው፣ ቢሮ ተቀምጠው በስልክ ይሄ አይሆንም። ከዛ ሻይ አፈሉ። ሻዩን እየጠጣን ምን አየሽ አሉኝ። ምን አጠፋሽ አላሉኝም፣ ምን አየሽ። አገጩ ወደ ደረቱ ታጥፎ ነበር አልኩ። "እኔም የመጀመሪያዬ ላይ እንደዛው ሆኖብኝ ነበር" አሉኝ። ጠዋት ለጤና ጣቢያው ኃላፊ ሪፖርት ሲያደርጉ ልጁን ያስተነፈሰችው እሷ ናት አሉ፣ ስለ ሁለቱ ጣቶች አንድ ቃል አልተናገሩም።

አባቴ በልጅነቱ የቆሎ ተማሪ ነበር። እሱ ሲያወራልን የኔታ ሁሉንም ተማሪ ራሳቸው አያስተምሩም፣ አይችሉም፣ መቶ ተማሪ ነው፣ ስለዚህ ትልቁ ተማሪ ትንሹን ያስቀጽላል፣ ትንሹ ደግሞ ከሱ የሚያንሰውን ፊደል ያስቆጥራል። ማንም ተማሪ ብቻ አይደለም፣ ማንም አስተማሪ ብቻ አይደለም። ቁራጭ እንጀራ ለምነው እየበሉ ያንን ሁሉ መጽሐፍ በቃል ተሸክመው ለትውልድ ያስተላለፉት በዚህ መንገድ ነው። ሜንተርሺፕ የሚባለው ነገር ከውጭ የመጣ ይመስለናል፣ ፕሮጀክት ተጽፎለት፣ በጀት ተይዞለት። እኛ ቤት የነበረ ነው። (እውነት ነው ዱላም ነበረበት፣ አባቴ ጀርባው ላይ ምልክት ነበረው። እሱን ትተን ያኛውን እንውሰድ።)

ስለ ዶክተር ካትሪን ትንሽ ልጨምር። ሐምሊኖች እ.ኤ.አ. በ1959 ሲመጡ ለሶስት አመት ነበር የተዋዋሉት። ዶክተር ሬጅ በ1993 አረፈ፣ እሷ በመጋቢት 2020 በ96 አመቷ እስክታርፍ እዚሁ አዲስ አበባ ሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ ኖረች። ስልሳ አመት ማለት ነው። አብዮቱ ሲመጣ ብዙ የውጭ ሰው ሲወጣ እነሱ አልወጡም። ሰራተኞቹ እማዬ ነበር የሚሏት። እና ባሏ ሲሞት ሁሉንም ትታ ለመሄድ አስባ እንደነበር ራሷ ተናግራለች፣ ያቆማት ቦርድ አይደለም፣ ሚኒስትር አይደለም፣ አንድ የግቢው ሰራተኛ መጥቶ እጇን ስሞ አትሂጂብን፣ ሁላችንም እናግዝሻለን ስላላት ነው። እዚህ ጋ ቆም በሉ። መሪ ነሽ የተባለችው ሴት በዛን ሰአት መሪ ያስፈልጋት ነበር፣ እና ከታች ያለው ሰው መራት። ይሄ ሊሆን የቻለው ቀድሞ የሚናገርበት መንገድ ስለተከፈተለት ነው። እናንተ ቢደክማችሁ፣ ልትለቁ ብታስቡ፣ ከጽዳት ሰራተኞቻችሁ መሀል ማን ደፍሮ መጥቶ ያናግራችኋል? ይሄ ጥያቄ እኔን ያስጨንቀኛል፣ መልሱን ሁልጊዜ አልወደውም።

ሐምሊኖች መጀመሪያ የተቀጠሩት የአዋላጆች ትምህርት ቤት ሊከፍቱ ነበር። የሐምሊን የአዋላጆች ኮሌጅ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ2007 ነው፣ ከ48 አመት በኋላ፣ ከገጠር ሴት ልጆችን ተቀብሎ አስተምሮ ወደ መጡበት አካባቢ የሚመልስ። ምክንያቱም ቀዳዳውን መስፋት ብቻ ከሆነ ስራው አያልቅም፣ ከ60 ሺህ በላይ ሴቶች ታክመዋል፣ ግን ምጡ ላይ ሰው ካልደረሰ ሌላዋ ትመጣለች። ባህር ዳር፣ መቀሌ፣ ይርጋለም፣ ሐረርና መቱ ማእከሎች አሉ። ዶክተር ካትሪን ከሞተች በኋላ ሆስፒታሉ አልተዘጋም። መሳሪያው ብዙ እጅ ላይ ስለነበረ ነው።

ከዚህ በኋላ ጥያቄ ነበር። ብዙ ተጠየቅኩ፣ ሁለቱን ብቻ ልጻፍ።

አንድ ወንድሜ ጊዜ የለንም ሲስተር አለኝ፣ አንድ ሺፍት ላይ ሁለት ሰው ሆነን ስንት እናት እናያለን፣ መቼ ነው የምናስተምረው። ልክ ነው። እኔም ለብቻው ጊዜ ኖሮኝ አያውቅም። ግን ራውንድ ስትዞር ብቻህን አትዙር፣ አንድ ሰው ይዘህ ዙር። ሆድ ስትዳብስ መጀመሪያ እሷ ትዳብስ፣ ከዛ አንተ፣ ከዛ ምን አገኘሽ በላት። አንድ ደቂቃ ነው የሚጨምረው። ከሶስት ወር በኋላ ያንን ደቂቃ በሰአት ትመልስልሀለች።

ሁለተኛዋ ጥያቄ ከኋላ ነው የመጣችው፣ አንዲት ልጅ ናት፣ ድምጿ ይንቀጠቀጥ ነበር። ብትሳሳትስ? እናትየዋ ናት የምትጎዳው፣ የሰው ህይወት ላይ ማስተማር ይቻላል ወይ አለችኝ። ይሄ ከሁሉም የሚበልጥ ጥያቄ ነው፣ እኔ ደግሞ ቀላል መልስ የለኝም፣ የማደርገውን ነው የነገርኳት። ሺፍት ስንጀምር ከጁኒየሯ ጋር ቃል እንግባባለን። "ስጪኝ" ካልኩሽ ወዲያው ትሰጪኛለሽ፣ አትከራከሪም፣ አታፍሪም፣ እኔም ያለምክንያት አልልሽም። እናትየዋ ፊት መቆጣት የለም፣ ስጪኝ ብቻ። ይሄ የእናትየዋ ነው። ሁለተኛው ቃል ግን የልጅቷ ነው፣ ከወሰድኩ እመልስልሻለሁ። ብዙዎቻችን የምንረሳው ይሄን ሁለተኛውን ነው፣ መውሰዱን ሁሉም ያውቅበታል።

አንድ ምሽት ነው፣ እናትየዋ በሰላም ወልዳለች፣ ልጁ ደረቷ ላይ ነው፣ ግን ስትወልድ ተቀድዳለች፣ ጁኒየሯ ልጅ እየሰፋች ነው፣ የመጀመሪያዋ አይደለም ግን ሶስተኛዋ ወይ አራተኛዋ ቢሆን ነው። አንድ ቦታ ደም አልቆም አለ። ፎጣው ሲርስ አየሁት። ስጪኝ አልኳት። ሰጠችኝ፣ እጇ ቀዝቅዟል፣ ፊቷ ላይ በቃ አለቀልኝ የሚል ነገር አየሁ። የሚደማውን ጫፍ ፈልጌ ሁለት ቦታ ሰፋሁት፣ ደሙ ቆመ፣ ጥቂት ጊዜ ጠበቅን፣ ደረቅ ነው። ከዛ መርፌ መያዣውን መለስኩላት። አየችኝ። ያዢ አልኳት። ያዘች።

እናትየዋ ልጇን እንዳቀፈች ቀና ብላ ወደ እኔ አየችና "ጨረሳችሁ ወይ?" አለች። እኔ ሳልመልስ ልጅቷ ቀደመችኝ።

"ትንሽ ቀረኝ እናቴ" አለቻት።